ከውሃው ጋር የሚሄደው ድንጋይ

አንድ መንደር ነበረ፣ ሐይቅ ዳር። ሰዉ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሽንኩርት ይተክላል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ከሌላው መንደር የሚለየው በአንድ ድንጋይ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ጥቁርና ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለት ጎልማሳ ካልተጋገዙት አይነሳም። የልክ ድንጋይ ይሉታል። መስከረም በጠባ ቁጥር ተራው የደረሰው ቤተሰብ ድንጋዩን አምና ከተቀመጠበት አንስቶ እስከ ሐይቁ ጠርዝ ይሸከመዋል፤ ውሃው እንዲነካው አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጎንጤ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው «ሐይቃችን እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰዉም በአንድ ድምፅ «ልኩ ላይ ነው!» ይላል። እልልታው ይቀልጣል፣ ዓሣው ይጠበሳል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ሲደረግ ስንት ዘመን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በዚያ መንደር ስንዱ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ዱባለ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታለች። ስንዱ ፈሪ ነበረች። ውሻ ትፈራለች፣ ጉማሬ ትፈራለች፣ መምህር ትፈራለች። ከሁሉም በላይ ግን የራሷን ድምፅ ትፈራ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳን «አቤት» ለማለት ትንፋሽ ያጥራታል። የምታውቀውን መልስ ሌላ ልጅ ተሳስቶ ሲመልሰው ዝም ብላ ትሰማለች። «ዝም አይነቅዝም» ትላት ነበር አክስቷ። ስንዱም አምናት ኖረች።

አንድ ዓመት ድንጋዩን የመሸከም ተራ የእነስንዱ ሆነ። ዱባለና ወንድሙ ድንጋዩን ይዘው እያለከለኩ ሲሄዱ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከኋላቸው ትከተል ነበር። አንገቷን ደፍታ እርምጃ ትቆጥራለች። ዶክተር እልፍነሽ ትባላለች። የድንጋይና የአፈር ተመራማሪ ናት፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ሐይቁ የት ድረስ እንደነበር፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር ከአፈር ላይ ታነባለች። የመንደሩ ሰው ግን ሥራዋን ከማወቁ በፊት ስም አወጣላት። አፈር ቆንጥራ በጥርሷ ስታኝክ አይተዋታላ! አፈሩ ጥርስ ላይ ከተንኮሻኮሸ ድሮ የሐይቅ ዳር አሸዋ ነበር ማለት ነው፤ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ደግሞ ጥልቅ ውሃ ሥር የተኛ ጭቃ ነበር። ይህን ማን ይሰማታል? «አፈር በሊታዋ» ብለው ጠሯት።

«የከተማ ሰው ሥጋውንም ቅቤውንም በላ፣ በላ፣ አልጠግብ ሲል ወደ አፈር ገባ» አለች ዓሣ ሻጯ እትዬ ድንቄ። ሰዉ ሳቀ። ዶክተሯም አብራ ሳቀች።

ድንጋዩ ተቀምጦ፣ እልልታው በረድ ሲል ዶክተሯ ወደ አባ ጎንጤ ጠጋ አለች። «አባቴ፣ ይህ ድንጋይ አምና የት ነበር?»

«ውሃው ጠርዝ።»

«ካቻምናስ?»

«ውሃው ጠርዝ።»

«እርስዎ ልጅ ሳሉስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ሁልጊዜም ውሃው ጠርዝ ነው። ለዚያ አይደል እንዴ የልክ ድንጋይ የተባለው!»

«እኔ እኮ አምና ከነበረበት እስከዚህ መቶ ስልሳ እርምጃ ቆጠርኩ።»

አባ ጎንጤ ዘንጋቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። «ድንጋዩ ነው መቶ ስልሳ እርምጃ የሄደው። ሐይቁ ምን ሆነ? ይኸው፣ እየነካው!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ስንዱም ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። ምክንያቱም ትንሽ ልጅ ሆና ውሃ የምትቀዳበት ቦታ አሁን የሽንኩርት ማሳ መሆኑ ትዝ አላት።

በጥቅምት ዶክተሯ ትምህርት ቤት መጣች። ሰባተኛ ክፍል ገባችና ከኪሷ ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህን ያገኘሁት ኮረብታው ላይ ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ነው። የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ኮረብታ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ወፍ ወስዶት ነው» አለ አንዱ።

«የኖኅ ጊዜ ነዋ!» አለ ሌላው።

«ሾላው ሥር ስብሰባ ተጠርቶ ይሆናል» አለ ከኋላ ያለ ቀልደኛ። ክፍሉ ሳቀ።

ስንዱ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው «ውሃው እዚያ ደርሶ ነበር» አለች።

«ማናት? ጮክ በይ እስቲ።»

ስንዱ ብድግ አለች። «ሐይቁ… ሐይቁ ሾላው ድረስ ነበር።»

ዶክተሯ ቅርፊቱን አንስታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ይህን ለማወቅ እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንዱ ሌላ ልጅ ሆነች። እጇን ማውጣት ጀመረች። በመጀመሪያ እስከ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ እስከ ራሷ፣ በኋላ ግን ጣሪያ ልትነካ ምንም አይቀራት። የግማሽ ዓመቱ ውጤት ሲመጣ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ከክፍል ውጭ ግን ያችው ፈሪዋ ስንዱ ነበረች።

ከትምህርት ስትመለስ ዶክተሯ ዘንድ ትሄዳለች። ዶክተሯ ረጅም ቧንቧ ውሃው የለቀቀው ሜዳ ላይ ወደ መሬት እያስመታች ታስገባለች። ቧንቧው ሲወጣ ውስጡ ያለው አፈር እንደ ነጠላ ጥለት ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ነው።

«ነጩ ምንድን ነው?» አለች ስንዱ።

«በዓይን የማይታዩ የውሃ ፍጥረታት ቅርፊት ነው። ሐይቁ ሲሞላ ይራባሉ፣ ሲሞቱ ታች ይረግፋሉ። ይህ የተሰነጣጠቀው ጥቁር ደግሞ ድርቅ ነው። ሐይቁ ሸሽቶ ሣር በቅሎበት ነበር። ይኸው ሥሩ።»

ስንዱ ጣቷን ከጥቁሩ ወደ ነጩ አሳለፈች። በመሃላቸው ምንም የለም። በምላጭ እንደተቆረጠ ነው። «ለምን ቀስ እያለ አልነጣም?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቀው። ሐይቁ ሲሄድ እንደ ሽማግሌ እያዘገመ ነው። ሲመለስ ግን እንደ ጎረምሳ እየሮጠ። አምስት ጊዜ ሄዷል፣ አምስት ጊዜ ተመልሷል። ምድር ደብተሯን አትሰርዝም፣ ስንዱ። እኛ ነን አናነብም የምንለው።»

«አሁንም ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

«መቼ?»

«አላውቅም።»

ስንዱ የተማረ ሰው ሳያፍር «አላውቅም» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው።

ዶክተሯ ታኅሣሥ ላይ ዕቃዋን ጭና ሄደች። የመንደሩ ሊቀመንበር ጫንያለው ደግሞ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። ውሃው የለቀቀውን ሰፊ ሜዳ ለመንደሩ ሰው በዕጣ ሊያከፋፍል ነው። ኮረብታው ላይ ተጨናንቆ የሚኖረው ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ቤት ይሠራል። ከዚያም በላይ አንድ ድርጅት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራላቸው ተስማምቷል፤ ደልዳላ መሬት በቶሎ ካዘጋጁ። ካላዘጋጁ ትምህርት ቤቱ ለጎረቤት መንደር ይሰጣል።

ስንዱ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። በመንደሩ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ሁለተኛ ደረጃ የሚገኘው የግማሽ ቀን መንገድ ተሂዶ ነው። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ «ሴት ልጄ ብቻዋን ቤት ተከራይታ አትቀመጥም። ከስምንተኛ በኋላ ያው እንደ ጓደኞችሽ ነው።» ጓደኞቿ ምን እንደሆኑ ታውቃለች። አንዷ አግብታለች፣ አንዷ አርግዛለች፣ አንዷ አረብ አገር ሄዳለች። እሷ ግን ገና ድምፅዋን ማግኘቷ ነበር። ድምፅዋን የምታወጣበት ቦታ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ከተዘጋ ድምፅዋም ይዘጋል።

ግንቦት ላይ የዶክተሯ ጥናት በፖስታ ደረሰ። ወፍራም ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። የላይኛው ገጽ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ «መሥሪያ ቤቴ የሚቀበለው በዚህ ቋንቋ ስለሆነ ይቅርታ። የመጨረሻው ገጽ ለመንደሩ ነው። ስንዱ ታነብላችኋለች። አምናታለሁ።» ሊቀመንበሩ እንግሊዝኛ አያውቅም፣ መምህራኑ ለሥልጠና ሄደዋል። ወረቀቱ ስንዱ እጅ ገባ። መዝገበ ቃላት ይዛ ሦስት ቀን ታገለች። የመጨረሻው ገጽ አጭር ነበር። ሐይቁ ደጋግሞ እንደሸሸና እንደተመለሰ ይናገራል። መቼ እንደሚመለስ እንደማይታወቅ ይናገራል። ሜዳው አፈሩ ለም ስለሆነ ቢታረስ ጥሩ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ አንዲት መስመር አለች፤ «ከሾላው ዛፍ በታች መኖሪያ ቤትም ሆነ ትምህርት ቤት አይሠራ፤ ያ መሬት የሐይቁ ነው።»

ስንዱ መስመሯን አሥር ጊዜ አነበበቻት። ከሾላው በላይ ያለው መሬት ድንጋይ ነው። እሱን ለመደልደል ሦስት ዓመት ይፈጃል። ድርጅቱ ደግሞ ሦስት ዓመት አይጠብቅም።

ጥናቱ ለሰዉ ለሚነበብበት ስብሰባ አንድ ቀን ሲቀር ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አገኛት። «ስንድዬ! ጉብዝናሽን እየሰማሁ ነው። አንቺን የመሰለች ልጅ ስምንተኛ ላይ መቅረት የለባትም» አላት። ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ብቻ ያቺ ሴትዮ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ጽፋ እንዳይሆን። አባትሽ እኮ ታንኳውን ሸጦ ለቤቱ እንጨት ገዝቷል። ታውቂያለሽ አይደል?» አላስፈራራትም። ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም። ስንዱ ግን እስከ ቤቷ እየሮጠች ሄደች።

ስብሰባው የሚካሄደው ሁልጊዜ ሾላው ዛፍ ሥር ነው። ሰዉ ሥሩ ላይ ተቀምጧል፤ ነጫጭ ቅርፊቶች እግሩ ሥር ይፈራርሳሉ። ስንዱ ቆመች። አባቷ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ደረቱን ነፍቶ። ማንበብ ጀመረች። ሐይቁ እንደሚሄድና እንደሚመለስ አነበበች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷም ገረማት። መቼ እንደሚመለስ እንደማይታወቅ አነበበች።

«አያችሁ!» አለ ሊቀመንበሩ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ዶክተሯም አታውቀውም!»

«አፈሩን ሁሉ በልታ፣ አላውቅም ትላለች?» አለች እትዬ ድንቄ። ሳቁ ሞቀ።

ሜዳው ለእርሻ ጥሩ እንደሆነ አነበበች። ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች። ስንዱ አየቻት። አፏን ከፈተች። አባቷን አየች። በዓይነ ኅሊናዋ አዲሱን ጥቁር ሰሌዳ አየች።

«በቃ?» አሉ አባ ጎንጤ።

«በቃ» አለች ስንዱ።

ያነበበችው ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ቃል አልዋሸችም። እያጨበጨቡላት ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። አባቷ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «የእኔ ልጅ ናት» ሲል ሰማችው።

ሰዉ ኮረብታው ላይ የነበረውን ጎጆ እያፈረሰ ሜዳው ላይ ቤት ሠራ። የጭቃ ቤት ቢሆንም ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ትምህርት ቤቱም በዓመቱ ተሠርቶ አለቀ። ስንዱ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እጇን አወጣች። መምህሩ «የመሬት አቀማመጥ ምን ይነግረናል?» ሲል ከእሷ የሚቀድም አልነበረም። የልክ ድንጋዩንም በየመስከረሙ ወደ ታች ተሸክመው ወስደውታል፤ ሐይቁም በየዓመቱ ልኩ ላይ ነበር። ስንዱ አንዳንዴ ያቺን መስመር ረስታት ትውላለች። አንዳንዴ ደግሞ ደብተሯን ስትገልጥ ወረቀቱን ታጥፎ እንደተቀመጠ ታየዋለች፤ ቶሎ ትገለብጠዋለች። አንድ ዓመት ተማረች። ያገኘችው ያንን ነው። አንድ ዓመት።

በዘጠነኛው ክፍል መጨረሻ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ በዛ። ውሃው እየደነፋ ቢመጣ ኖሮ ሰዉ ይሸሽ ነበር። እንደዚያ አልመጣም። እያሳሳቀ ነው የመጣው። በመጀመሪያ የሽንኩርቱ ቦይ ውስጥ ዓሣ ታየ። ልጆች በእጃቸው እየያዙ ሲንጫጩ እናቶች ከበር ላይ ሆነው ሳቁ። «ሐይቁ አርጅተዋል ብሎ ዓሣውን ደጃችን ያደርስልን ጀመር!» አለች እትዬ ድንቄ። በአራተኛው ቀን ውሃው ደጃፍ ላይ ነበር። በስድስተኛው ቀን አልጋ ሥር ገባ። በዘጠነኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ግማሹ ላይ የሰኔው የመጨረሻ ትምህርት በጠመኔ እንደተጻፈ ይታያል።

ሰዉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ሾላው ወጣ። ዱባለ ግን ተመለሰ፤ ቢያንስ ቆርቆሮውን ላውርድ ብሎ። «አባዬ፣ ይቅር!» ብላ ጮኸች ስንዱ።

«እኔ ውሃ ውስጥ ነው ያደግኩት። ውሃ እኔን ምን ያደርገኛል?»

ውሃው ምንም አላደረገውም። ከሥሩ የራሰው ግድግዳ ነው የተደረመሰበት። ጎረቤቶቹ ጎትተው አወጡት። ነፍሱ ተረፈች፤ ዳሌው ግን ተሰበረ። ወጌሻው ካየው በኋላ ስንዱን ወደ ጎን ጠርቶ «ከእንግዲህ ዓሣ ማጥመድ የለም፣ ልጄ። ቆሞ መሄድም ከተሰጠው ተመስገን ነው» አላት። ስንዱም ከዚያን ቀን ጀምራ ምግቡን ታበስላለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ አባቷን ታገላብጣለች። ትምህርት ቤት የለም። ቢኖርም የምትሄድበት ጊዜ የላትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ጳጉሜ ላይ ዶክተር እልፍነሽ መጣች። ሰዉ ከሾላው ሥር ከተሠሩት የላስቲክ ዳሶች እየወጣ ከበባት።

«አፈር በሊታ!» ብላ ጮኸች እትዬ ድንቄ። አሁን የሚስቅ የለም። «አንቺ አፈር በላሽ፣ እኛን ውሃ አስበላሽን! ለምን አልነገርሽንም?»

«ጽፌ ነበር እኮ» አለች ዶክተሯ ግራ ገብቷት።

ዱባለ አልጋው ላይ ተጋድሞ ክንዱን ዘረጋ። «ልጄ ወረቀትሽን አንድ ሳታስቀር አንብባልናለች! እዚህች ዛፍ ሥር! ልጄ አትዋሽም። የደበቅሽን አንቺ ነሽ!»

ዶክተሯ ዞር ብላ ስንዱን አየቻት። ስንዱ መሬቱን አየች። ዶክተሯ ሁሉም ነገር ገባት። ግን አንድ ቃል ሳትናገር ስድቡን ተቀብላ ወደ መኪናዋ ሄደች። ስንዱ እየሮጠች ተከተለቻት።

«ለምን ዝም አሉ? ለምን እሷ ናት አላሉም?»

«አንቺ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትምህርት ቤቱ… ትምህርት ቤቱ ይቀርብኝ ነበር።»

«ስንዱ፣ የዘለልሽው አንድ መስመር ነው። ውሃው የገባው በዚያች መስመር ነው።»

ስንዱ እንባዋ መጣ። ከእንባው ጋር ግን ንዴትም መጣ፤ እስከዚያን ቀን በማንም ላይ ያላወጣችው ንዴት። «እርስዎስ? ዕድሜ ልክዎን ያጠኑትን ነገር ሰዉ በማያውቀው ቋንቋ ጽፈው፣ ለአንዲት ልጅ አሸክመው ሄዱ! ለምን ራስዎ መጥተው አልነገሯቸውም? እኔ እኮ ፈሪ ነኝ! ፈሪ መሆኔን ያውቁ ነበር!»

ዶክተሯ የመኪናውን በር ከፈተች። «ስቀውብኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሁለተኛ እንዲስቁብኝ አልፈለግኩም። ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት ሥራዬን ጨረስኩ አልኩ።» ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች። ተመልሳም አልመጣችም።

ስንዱ ወደ ሾላው ተመለሰች። ደብተሯን አወጣች። ወረቀቱን ዘረጋች። ማንም ሳይጠይቃት ያቺን መስመር በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጮክ ብላ አነበበቻት። ክፍል ውስጥ በምትመልስበት ድምፅ ነው ያነበበችው። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። አባቷ ፊቱን ወደ ላስቲኩ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ያበላችውን ይበላል፣ ያጠጣችውን ይጠጣል፤ «የእኔ ልጅ ናት» የሚለውን ቃል ግን ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

አባ ጎንጤ ብቻ ራሷን ደባበሷት። «ተይ አታልቅሺ፣ ልጄ። ብታነቢውም ኖሮ አንሰማሽም ነበር» አሏት።

ሊያጽናኗት ብለው ነው። እሷን ግን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ይሰሟት ይሆን ነበር፣ አይሰሟት ይሆን ነበር፣ ማን ያውቃል? ያኔ ብታነበው ኖሮ ይታወቅ ነበር። አሁን ግን መቼም አይታወቅም።

ሳምንት ሳይሞላ መስከረም ጠባ። የልክ ድንጋዩ ከውሃው ሥር ቀርቷል፤ የት እንዳለ ሐይቁ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰዉ ተመካከረና ከኮረብታው ሌላ ጥቁር ድንጋይ ፈንቅሎ አወጣ። ተሸክሞ ወርዶ ከሾላው በታች ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አዲሱ የውሃ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ውሃው ነካው። አባ ጎንጤ እግራቸውን ነከሩ።

«ሐይቃችን እንዴት ነው?»

«ልኩ ላይ ነው!» አለ ሰዉ።

«አይደለም!» አለች ስንዱ። በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ግን በዚያው ቅጽበት እልልታው ስለቀለጠ፣ አጠገቧ ከቆመችው እትዬ ድንቄ በቀር የሰማት አልነበረም። እትዬ ድንቄም ዞር ብላ አየቻትና እልልታዋን ቀጠለች።

ወዳጄ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ በመንደሩ ሰው ስቄ ነበር። ውሃው በሄደበት ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ እየተከተለ ልኩ ላይ ነው የሚል ሰው ሞኝ አይደለም? ኋላ ግን ሳስበው ሳቄ ቆመ። ሊቀመንበሩ ድንጋዩን ሹመቱ ወዳለበት ወሰደው። ዶክተሯ ማንም ወደማይስቅባት ወረቀት ወሰደችው። ስንዱ ጥቁር ሰሌዳው ወዳለበት ወሰደችው። ከሁሉም የሚከፋው የእሷ ነው፤ ምክንያቱም እሷ ማንበብ ትችል ነበር። ልክ ማለት ባለበት የሚቆም ነው። እኛን ተከትሎ የሚሄድ ልክ፣ ልክ አይደለም፤ ሸክም ነው። እውነትም እንደዚያው ናት፤ የሚጎዳንን መስመር ዘለን ካነበብናት፣ የቀረው ሁሉ እውነት ቢሆንም እንኳን ውሸት ሆናለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ከሥር እየራሰ ቆይቶ አንድ ቀን ግድግዳ ሆኖ ይወድቃል። የሚወድቀው ደግሞ ዝም ባለው ላይ አይደለም፤ ባመነው ላይ ነው።

እስቲ አንተም፣ አንቺም፣ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ደብተራችሁ ውስጥ አጥፋችሁ ያስቀመጣችኋት፣ ስትገልጡ ቶሎ የምታልፏት መስመር የትኛዋ ናት?